ወይራን በከተማ መትከል፦ የጎጃም አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ግንቦት ሲገባ ወደዚህ አምድ የሚላከው ደብዳቤ አብዛኛው ስለ ችግኝ ይሆናል። በዚህ እትም ከጎጃም ከተሞች ስለ ወይራ የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብስበን መልሰናል። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመሬት በታች ስለሆነ ሥሩ ላይ ደጋግመን እንመለሳለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ መንገድ ዳር ቤት ሠርቻለሁ። በአጥሬና በኮብልስቶኑ መካከል ሦስት ሜትር ስፋት ያለው ባዶ መሬት አለ። ውሃ የሚመጣልን በሳምንት አንድ ቀን ነው። በጣም የማይገዝፍ፣ በጋውን የሚችል፣ ቅጠሉም የማይረግፍ ምን ዛፍ ልትከል?

መልስ፦ ወይራ ይትከሉ። ወይራ የደጋና የወይና ደጋ ዛፍ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ማርቆስ ትስማማዋለች። ድሮ በደኑ ውስጥ ከሐበሻ ጽድ ጋር ተደባልቆ ይበቅል የነበረው፣ ዛሬም በየደብሩ ቅጥር ግቢ ተርፎ የሚታየው ይኸው ዛፍ ነው። ጫካ ውስጥ እስከ 15 ሜትር ሊያድግ ይችላል። ብቻውን ቆሞ ከተገረዘ ግን ከ5 እስከ 8 ሜትር ላይ ሊይዙት ይችላሉ። ቅጠሉ ጠባብና ጠንካራ ነው፤ ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጀርባው ብርማ ወይም ወርቃማ ነው። ጀርባውን የሸፈኑት ጥቃቅን ቅርፊቶች ውሃው ቶሎ ተንኖ እንዳያልቅ ይከላከላሉ።

ይሁን እንጂ ወይራ በጋን የሚችለው ሥሩ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች እንደማንኛውም ችግኝ ውሃ ይፈልጋል። «ድርቅ ይችላል» ተብሎ ተተክሎ የተተወ ወይራ መጋቢት ላይ ደርቆ ነው የሚገኘው። የእርስዎ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን መምጣቱ ግን አያሳስብዎ፤ በዚያ ቀን አንድ ጀሪካን ለብቻው ካስቀመጡለት ይበቃዋል።

በሦስት ሜትሩ መሬት ላይ መሀሉን ይያዙ፤ ከአጥሩም ከኮብልስቶኑም 1.5 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ከአንድ በላይ ከተከሉ በዛፎቹ መካከል 5 ሜትር ይተዉ። ከቤት ግድግዳ 3 ሜትር፣ ከውሃ ቧንቧ 2 ሜትር ማራቅ ጥሩ ነው። ከላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ዛፉን በየዓመቱ እየገረዙ ከ4 ሜትር በታች መያዝ ይኖርብዎታል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ከሌለ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ከአጥር ውጭ ያለው መሬት የመንገዱ ስለሆነ ጉድጓድ ከመቆፈርዎ በፊት ማዘጋጃ ቤቱን ያስፈቅዱ።

የማይወዱለት ነገር ቢኖር ፍሬው ነው። ሲበስል ጠቁሮ ይረግፋል፣ ወፎችም ይበትኑታል፤ ኮብልስቶንና የቆመ መኪና ያቆሽሻል። መኪና የሚያቆሙበትን ቦታ ከቅርንጫፉ ራቅ ያድርጉ። ብዙ ሰው የሚመርጠው ግራቪሊያ ቶሎ ያድጋል፤ ነገር ግን ከ20 ሜትር በላይ ሊመዘዝ ይችላል፣ ቅርንጫፉም በነፋስ ይገነጠላል። ለሦስት ሜትር መሬት አንመክረውም።

ችግኝ ሲገዙ ረጅሙን አይምረጡ። ቁመቱ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ሥሩ ከላስቲኩ ሥር ወጥቶ መሬት ያልያዘ ይሁን። ሻጩ ላስቲኩን ከመሬት ሲያነሳ «ቀጭ» ብሎ ሥር ከተበጠሰ ያንን ይተዉት። ዋናው ሥር እዚያው ቀርቷል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ከቤተ ክርስቲያን ግቢ የወይራ ፍሬ አስፈቅጄ ለቅሜ ሁለት ጊዜ ዘራሁ። ሁለቱንም ጊዜ ከመደቡ የበቀለ አንድም ነገር የለም። ዘሩ ነው ወይስ የእኔ ስህተት?

መልስ፦ ዘሩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ የያዘው ቅርፊቱ ነው። በሥጋው ውስጥ ያለው ፍሬ እንደ አጥንት ደንድኗል፤ ውሃ ቀስ ብሎ ቢገባም ሽሉ ገፍቶ መውጣት ያቅተዋል። ተፈጥሮ ቅርፊቱን እስክታላላው ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ መደቡ ይደርቃል ወይም ዘሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ቅርፊቱን ሰው መክፈት አለበት።

በመጀመሪያ ለቀማው ላይ ይጠንቀቁ። አረንጓዴውን ፍሬ አይልቀሙ፤ ጥቁር ሐምራዊ የሆነውን ብቻ፣ ከዛፉ ላይ ወይም ዛሬ ከረገፈው ይውሰዱ። ከርሞ መሬት ላይ የተኛው በነፍሳት የተበሳ ነው። ለአንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ በማግስቱ ከሸካራ አሸዋ ጋር አሽተው ሥጋውን ያስለቅቁትና ይጠቡት። ሥጋው ከቀረበት ሻጋታ ይጀምራል። ሲያጥቡ የሚንሳፈፈው ባዶ ስለሆነ ይጣል። የሰመጠውን በጥላ ሥር ሁለት ሦስት ቀን አድርቁና ሳይቆይ ይዝሩ፤ የወይራ ዘር ሲቆይ የመብቀል ኃይሉ ይቀንሳል።

ከዚያ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። እያንዳንዱን ዘር በጎኑ በፒንሳ ይያዙና ቀስ ብለው ይጭመቁ፤ ድምፅ ሲሰሙ ያቁሙ። የሚፈለገው ስንጥቅ ብቻ ነው። ውስጡ ያለው ነጭ ፍሬ ከተጨፈለቀ አይበቅልም። የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች መበላሸታቸው አይቀርም፤ እጅዎ ልኩን ሲያውቅ በአንድ ሰዓት ብዙ ይሠራሉ። ፒንሳ ከሌለ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግተው መዳመጫ ድንጋይ በላዩ ማንከባለል ይቻላል፤ ሆኖም የሚጨፈለቀው ይበዛል። የተሰነጠቀውን ዘር በቀዝቃዛ ውሃ 48 ሰዓት ይዘፍዝፉ፤ በ24ኛው ሰዓት ውሃውን ይቀይሩ። የፈላ ውሃ አይጠቀሙ፤ ያ ለግራር ዘር የሚሆን ዘዴ ነው፣ ወይራን ይገድለዋል።

መደቡን ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር አድርገው ዘሩን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅበሩ። በሣር ወይም በጆንያ ከላይ ጥላ ይሥሩለት፤ መደቡ እርጥበቱን እንጂ ኩሬነትን አይወድም። በዚህ መንገድ የታከመ ዘር ከአንድ ወር በኋላ መብቀል ይጀምራል፤ ሁሉም በአንድ ቀን አይወጣም፣ እስከ ሁለት ወርና ከዚያም በላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ መደቡን በችኮላ አይገልብጡት። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ክብ መሰል ቅጠሎች በኋላ እውነተኛ ቅጠሎች ሁለት ጥንድ ሲያወጣ ወደ ላስቲክ ይዛወራል። ለላስቲኩ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ይደባልቁ። ለከተማ የሚተከል ችግኝ ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ላስቲክ ያስፈልገዋል፤ ለቡና በሚውለው ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ሥሩ ይጠመዘዛል። በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ላስቲኩን እያነሱ ከግርጌው የወጣውን ሥር ይቁረጡ።

ወይራ ቀርፋፋ ነው። መስከረም ላይ የተዘራው ለሚቀጥለው ሐምሌ ገና ትንሽ ሊሆን ይችላል። ግቢዎ ውስጥ ዶሮና ልጅ የሚሯሯጥ ከሆነ አንድ ዓመት ተጨማሪ በላስቲክ ያቆዩትና ጉልበት ሲያገኝ ይትከሉት።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም። ባለፈው ሐምሌ የተከልኩት ወይራ እስከ ኅዳር ጥሩ ነበር። ከዚያ ጫፉ መድረቅ ጀመረ። በየቀኑ ማታ ማታ አንድ ጆግ ውሃ አጠጣዋለሁ፤ አንድም ቀን አላቋረጥኩም። ምን አጎደልኩበት?

መልስ፦ ትጋትዎ አልጎደለም፤ ጆጉ ነው የጎዳው። አንድ ጆግ ውሃ የአፈሩን ላይኛ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ብቻ ያርሳል። ሥር ውሃ ወዳለበት ስለሚሄድ የችግኙ ሥር ሁሉ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ኅዳር ላይ ዝናቡ ከቆመ በኋላ ያ የላይኛው አፈር በቀን ፀሐይ ይግላል፣ በሌሊት ይቀዘቅዛል፣ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ይደርቃል። ታች 40 ሳንቲ ሜትር ላይ የክረምቱ እርጥበት ገና አለ፤ ሥሩ ግን እዚያ አልደረሰም።

ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ማጠጣቱን ይተዉና በሳምንት አንድ ጊዜ 10 ሊትር ያጠጡ። በአንዴ አይድፉት። ከአሮጌ ጀሪካን ግርጌ በምስማር ጫፍ አንዲት ቀዳዳ ይብሱ፣ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያስቀምጡ፣ ክዳኑን ትንሽ ያላሉት፤ ውሃው በሁለት በሦስት ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። በየሳምንቱ ጀሪካኑን በዛፉ ዙሪያ ያዙሩት። ሥራው በትክክል መሠራቱን ለማወቅ በማግስቱ ቀጭን የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ይስደዱ፤ እርጥብ አፈር ውስጥ በቀላሉ ይገባል፣ ደረቁ ላይ ሲደርስ ይቆማል። 30 ሳንቲ ሜትር ከገባ ጥሩ ነው። ካልገባ 15 ሊትር ያድርጉት።

ይህ የመጀመሪያው በጋ ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ግንቦት። በሁለተኛው በጋ 20 ሊትር በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ይበቃል። በሦስተኛው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በወር አንድ ጊዜ ከሰጡት በኋላ መተው ይችላሉ። የማጠጫውን ቀን ሲያራርቁ ዛፉ ትንሽ ቢጠወልግ አይደንግጡ፤ ጠዋት ላይ ቅጠሉ ቀና ብሎ ካገኙት ደህና ነው። ጠዋትም ተኝቶ ካደረ ውሃ ይፈልጋል።

የደረቀውን ጫፍ አሁን አይቁረጡት። ቅርፊቱን በጥፍርዎ ጫር ያድርጉ፤ ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው። ዝናብ ሲገባ ከየት እንደሚያቆጠቁጥ አይተው የሞተውን ብቻ ያነሳሉ። በግንዱ ዙሪያ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የጤፍ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ይጎዝጉዙ፤ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ያርቁት። ግቢዎ ምስጥ ካለው ጭዱን ይተዉና ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደርድሩ። የወይራ እንጨት ሲበስል ምስጥ አይደፍረውም፤ የችግኝ ለጋ ቅርፊት ግን ገና ያንን ጥንካሬ አላገኘም።

ጥያቄ፦ የቢቸና ነዋሪ ነኝ። መሬታችን ጥቁር አፈር ነው። ባለሙያ በነገረኝ መሠረት 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ቀይ አፈርና ፍግ ሞልቼ ወይራ ተከልኩ። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ረገፈ። ዝናብ እየዘነበ እንዴት ይደርቃል?

መልስ፦ ዛፍዎ ታፍኖ ነው የሞተው። የተነገረዎት ልክ ለቀይ አፈር ትክክል ነው፤ ለዋልካ ግን ጉድጓዱ ራሱ ገንዳ ይሆናል። ጥቁሩ አፈር ሲርስ ስለሚያብጥ ውሃ አያሳልፍም፤ እርስዎ በሞሉት ልል አፈር ውስጥ የገባው ዝናብ መውጫ ስለሌለው እዚያው ቆመ። ሥር አየር ካጣ ውሃ መሳብ ያቆማል፤ ለዚህ ነው ቅጠሉ የተጠማ የሚመስለው። ነቅለው ቢያዩት ሥሩ ቡናማ ሆኖ ይላጣል፣ ሽታም አለው። በዚህ ጊዜ ተጨማሪ ውሃ ማጠጣት ጉዳቱን ያባብሳል።

የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ በዚሁ አፈር ላይ ስንዴ የሚዘራው ሰፊ መደብና ቦይ አውጥቶ ነው። ለዛፍም ያው ነው፤ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ይሥሩ። 1.5 ሜትር ስፋትና ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ ይከምሩ። ከመከመርዎ በፊት የታችኛውን መሬት በዶማ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው ያላሉት፤ ሁለቱ አፈሮች እንዲያያዙ ነው። ጉብታው ግማሹ ራሱ ጥቁር አፈር፣ ሩቡ ቀይ አፈር፣ ሩቡ የበሰለ ብስባሽ ይሁን። ሙሉ በሙሉ ቀይ ካደረጉት ሥሩ እዚያው ይከርምና ወደ ጥቁሩ አይሻገርም። ችግኙን ከጉብታው አናት ይትከሉ፣ በዙሪያው ውሃው የሚሄድበት ቦይ ወደ ዝቅተኛው ጎን ያውጡ። ጥሬ ፍግ አይጨምሩ፤ ሲበሰብስ ይግላል፣ ሥሩንም ያቃጥላል።

የዋልካ ሁለተኛ ክፋቱ በበጋ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል፤ በስንጥቁ የገባ ደረቅ ነፋስ የቀረውን ያደርቃል። ከኅዳር ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ የጉብታውን ገጽ በመኮትኮቻ 5 ሳንቲ ሜትር እየኮተኮቱ ስንጥቁን ይድፈኑ፤ ከዚያ ጭዱን ይመልሱ።

ጥያቄ፦ ቴክሳስ ያለው ታላቅ ወንድሜ እዚያ መንገድ ዳር የሚተከል፣ አነስተኛና ድርቅ የሚችል «አሽ» የሚባል ዛፍ አለ ብሎ ዘሩን በሰው እልክልሃለሁ ይለኛል። እንጅባራ ላይ ይሆናል?

መልስ፦ ወንድምዎ የሚሉት ዛፍ በቴክሳስና በሰሜን ሜክሲኮ የሚበቅለው ግሬግ አሽ ሳይሆን አይቀርም። ቁመቱ ከ3 እስከ 6 ሜትር ነው፣ ቅጠሉ ትናንሽ ነው፣ በእርግጥም በደረቅ ከተማ ውስጥ የተመሰገነ ዛፍ ነው። ግን የለመደው ዝናቡ ጥቂት፣ አፈሩ ድንጋያማና ውሃ የማይቋጥር አገር ነው። እንጅባራ ክረምቱን ሙሉ ይዘንባል፤ ድርቅ የሚችል ዛፍ ሁሉ ለወራት የረሰረሰ አፈርን አይችልም። ከአሽ ዝርያዎች ብዙዎቹ ደግሞ ዘራቸው ለመብቀል በእርጥብ ቅዝቃዜ ውስጥ ወራት መቆየት አለበት።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበን የተባይ ጉዳይ ነው። በ2002 በአውሮፓ አቆጣጠር ከእስያ የገባ አረንጓዴ ጥንዚዛ በአሜሪካ ሚሺጋን ተገኘ፤ የጥንዚዛው እጭ (ገና ትል የሆነው ግልገሉ) ከአሽ ቅርፊት ሥር እየበላ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዛፎችን ገድሏል። አሽና ወይራ የአንድ ቤተሰብ ዛፎች ናቸው፤ በቤተ ሙከራ በተቆረጡ የወይራ ግንዶች ላይ ይኸው እጭ አድጎ ጥንዚዛ እስከ መሆን መድረሱ ታይቷል። ጥንዚዛው የሚጓዘው በግንድ፣ በማገዶና በችግኝ እንጂ በዘር አይደለም። ቢሆንም ያለ ማስገቢያ ፈቃድና ያለ እፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ማንኛውንም ዘር በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፤ ክልከላውም ተገቢ ነው። በየደብሩ የተረፈውን ወይራ አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ማምጣት አይገባም። ወንድምዎን በትህትና አመስግነው ያስቀሩት። አሽ በዚያ የሚሠራውን ሥራ እዚህ ዘመዱ ወይራ ይሠራዋል።

ጥያቄ፦ ከሞጣ። ግቢያችን ያለው ወይራ ዕድሜው ስምንት ዓመት ገደማ ነው፤ ከሥሩ አራት ግንድ አውጥቶ ቁጥቋጦ መስሏል። እናቴ የጠላ ጋን ለማጠን፣ ልጆቹ ለመፋቂያ እየቆረጡ ጨረሱት። ዛፍ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ወይራ ሲቆረጥ ደህና አድርጎ ያቆጠቁጣል። ከአራቱ ቀጥ ያለውንና ጤነኛውን ይምረጡ። የቀሩትን ሦስቱን በአንድ ዓመት አይቁረጡ፤ በየዓመቱ አንድ ብቻ ያንሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከቅጠሉ ከሩብ በላይ ከተነሳ ዛፉ ከግርጌው ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፣ ሥራውም እንደገና ይጀመራል። ጊዜው ጥርና የካቲት ነው፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቁስሉ በሻጋታ አይያዝም።

ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ከግንዱ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ያበጠ ቀለበት አለ። ከዚያ ቀለበት ውጭ ይቁረጡ፤ ቀለበቱ ነው ቁስሉን የሚዘጋው። ጉቶም አይተዉ። ከክንድ የሚወፍረውን ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብለው መጀመሪያ ከሥር ሲሶውን በመጋዝ ይክፈቱ፣ ቀጥሎ ከላይ ይጣሉት፣ በመጨረሻ ጉቶውን ያስተካክሉ፤ አለዚያ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ይዞ ይገፈፋል። ቁስሉን ጭቃም ቀለምም አይቀቡት። ሰው በሥሩ የሚያልፍ ከሆነ የታችኛውን ቅርንጫፍ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ እያነሱ 2.5 ሜትር ድረስ ያውጡት።

ለእናትዎ ጥሩ ዜናው ለማጠኛ የሚሆን እንጨት ከዚሁ ግርዛት ይገኛል። የተገረዘውን በአንድ ስንዝር እየቆረጡ በጥላ ያድርቁ፤ የዓመቱን ጋን ሁሉ ያጥናል። መከልከል ያለበት ከቆመ ግንድ ላይ ቅርፊት መላጥ ነው። ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ ምግብ ወደ ሥሩ ስለማይወርድ ዛፉ መሞቱ አይቀርም። ለመፋቂያ ልጆቹ ከግርጌ የሚወጣውን ቀንበጥ ይቁረጡ፤ ያ በማንኛውም ጊዜ ቢነሳ ዛፉን ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ከቡሬ። ወይራዬ በዓመት አንድ ስንዝር ብቻ ነው የሚያድገው። ዩሪያ ብጨምርለት?

መልስ፦ አይጨምሩ። አንድ ስንዝር ለወይራ የተለመደ ነው። ዩሪያ ለስላሳና ረጅም ቀንበጥ ያወጣል፤ ያ ቀንበጥ በጋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርቀው ነው። ሰኔ ላይ 5 ኪሎ የበሰለ ብስባሽ በቅርንጫፉ ጥላ ጠርዝ ዙሪያ ይበትኑና በአፈር ይሸፍኑት። በዙሪያው 1 ሜትር ድረስ ያለውን ሣር ያንሱ፤ ለወጣት ዛፍ ከሣር ጋር መሻማት ከማዳበሪያ ማጣት ይብሳል።

ጥያቄ፦ ደጀን ነኝ። በወይራው ቅጠል ላይ እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁር ነገር ለበሰ፤ ጉንዳንም ይመላለስበታል። ዛፉ ሊሞት ነው?

መልስ፦ አይሞትም። ጥቁሩ ሻጋታ ነው፤ ቅጠሉን አይበላም፣ የሚኖረው የዛፉን ጭማቂ የሚመጥጡ ነፍሳት በሚያወጡት ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ነው። የቅጠሉን ጀርባና ለጋ ቅርንጫፉን ቢመለከቱ እንደ ቡናማ ኪንታሮት የተጣበቁ ነፍሳት ያገኛሉ። ጉንዳኖቹ ፈሳሹን ስለሚወዱት ነፍሳቱን ከጠላቶቻቸው ይጠብቋቸዋል። ስለዚህ በጉንዳኑ ይጀምሩ፤ ግንዱን በጨርቅ ጠቅልለው በላዩ ወፍራም ግሪስ ይቀቡ፣ ግሪሱ ቅርፊቱን እንዳይነካ ያድርጉ፤ ከሁለት ወር በኋላ ጨርቁን ያንሱት። ከዚያ በ5 ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅለው ማታ ማታ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የቅጠሉን ጀርባ ይርጩ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ያድርጉት። በጣም የተጠቃውን ቅርንጫፍ ቆርጠው ያቃጥሉ። ነፍሳቱ ሲጠፉ ጥቁሩ በዝናብ ታጥቦ ይለቃል። ዛፉ አስፋልት ወይም የኮረኮንች መንገድ ዳር ከሆነ በበጋ በወር አንድ ጊዜ አቧራውን በውሃ ማጠብም ይጠቅማል፤ አቧራ የነፍሳቱን ጠላቶች ስለሚያርቅ በመንገድ ዳር ዛፎች ላይ ይህ ችግር ይበዛል።